መቼ ላስቀድም፣ መቼ ልለፍ? ለሌላ ሹፌር ቅድሚያ የመስጠት መመሪያ

መንጃ ፈቃድ አውጥተው ከተማ ውስጥ መንዳት የሚፈሩ ሰዎችን አለማምዳለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ሰው ላስቀድም ብዬ ስቆም ከኋላ በክላክስ ያደነቁሩኛል። ሳላስቀድም ሳልፍ ደግሞ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ምን ላድርግ?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ስለዚህ መልሱን በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የራሳችሁን ቦታ ለሌላ ሹፌር መስጠት ትችላላችሁ። ከጎናችሁ ያለው ረድፍ ግን የእናንተ ስላልሆነ ለማንም መስጠት አትችሉም። ከታች ያለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በደንብ የተስተካከሉ ሦስት ስፖኪዮዎች። የውስጡ የኋላውን መስታወት በሙሉ ማሳየት አለበት። የጎኖቹ የራሳችሁን መኪና ጎን በትንሹ፣ የቀረውን መንገዱን ያሳዩ።
- የሚሠሩ ፍሬቻዎችና የፍሬን መብራት። የፍሬን መብራቱን የሚያይላችሁ ሰው ከሌለ፣ ማታ የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አዙሩና ፍሬን ርገጡ። በሁለቱም በኩል ቀይ ብርሃን ግድግዳው ላይ መታየት አለበት።
- የሚሠራ ክላክስ።
- ከውስጥም ከውጭም የተወለወለ የፊት መስታወት።
- መኪና ሲበላሽ መንገድ ላይ የሚቀመጠው አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት።
- ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትርፍ ጊዜ። ይሄን እንደ ዕቃ ቁጠሩት። የቸኮለ ሰው ወይ አያስቀድምም፣ ወይ ሲያስቀድም ግራና ቀኝ አያይም።

ደረጃ 1፦ የማን ተራ እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ

ትህትና የሚጀምረው ቅድሚያው የማን እንደሆነ ከማወቅ ነው። የእናንተ ያልሆነን ቅድሚያ «ሰጠሁ» ማለት አይቻልም፤ እሱ ግዴታችሁ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል።

ሀ. የትራፊክ ፖሊስ እጅ ከሁሉም ይበልጣል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ትራፊኩ «ቁሙ» ካላችሁ ትቆማላችሁ።
ለ. ትራፊክ ከሌለ መብራት።
ሐ. መብራት ከሌለ ወይም ከጠፋ የመንገድ ምልክት።
መ. ይህም ከሌለ ደንቡ። ምልክት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ከቀኛችሁ ለሚመጣው ቅድሚያ ትሰጣላችሁ። አደባባይ ላይ ቀድሞ ውስጥ ለገባው ትሰጣላችሁ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ታሳልፋላችሁ። ጠባብ ዳገት ላይ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል።

ለምን? መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የምታደርጉትን እየገመተ ነው የሚነዳው። የሚገምተው ደግሞ በዚሁ ደንብ ነው። ተራችሁ ሲደርስ ሳትዘገዩ መሄድ ራሱ ትልቅ ትህትና ነው። አብዛኛው አዲስ ሹፌር ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

እኛ በር ላይ ስንገናኝ «ኧረ እርስዎ ይግቡ»፣ «በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» መባባል ልማዳችን ነው። ደስ የሚል ልማድ ነው። በር ላይ ግን ከኋላችን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሰው የለም።

ደረጃ 2፦ ከማቆማችሁ በፊት ከኋላ ያለውን እዩ

አንድ መኪና ከቅያስ ሊወጣ ፈልጎ አያችሁና አዘናችሁለት። እግራችሁ ወደ ፍሬን ከመሄዱ በፊት ዓይናችሁ ወደ ውስጡ ስፖኪዮ ይሂድ። የምታዩት ሁለት ነገር ነው። ከኋላዬ ያለው ምን ያህል ቀርቦኛል? ምን ዓይነት መኪና ነው?

ለምን? በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 11 ሜትር ይጓዛል። በ60 ከሆነ ወደ 17 ሜትር ይሆናል። ከኋላችሁ ያለው ሰው የፍሬን መብራታችሁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል። መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። እናንተን ተጠግቶ የሚመጣ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከሆነ ትህትናችሁ ከኋላ ይመጣባችኋል።

ስለዚህ፦

- ከኋላ ማንም ከሌለ ማስቀደም አያስፈልግም። እናንተ እለፉ። ያ ሰው ከእናንተ በኋላ ባዶ መንገድ ያገኛል። ይህን ስህተት በየቀኑ አያለሁ። ባዶ መንገድ ላይ የሚቆም ሹፌር ሁለት ሰው ያስጠብቃል፣ ማንንም አይጠቅምም።
- ከኋላ ያለው በጣም ከተጠጋ አትቁሙ፣ እለፉ።
- ከኋላ ያለው ርቆ ከሆነና ሰልፉ ረጅም ከሆነ ያኔ አስቀድሙ። ያ ሰው እናንተ ካላስገባችሁት ማን ያስገባዋል?

ደረጃ 3፦ የምትሰጡት የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከሁሉም የከፋው አደጋ ያለው እዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገርጂ አካባቢ በቀኝ ረድፍ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ አለው። መኪናው ተጨናንቆ እየተንፏቀቅን ነው። ከቀኝ ቅያስ አንዲት ሴት በቪትዝ ልትወጣ ትጠብቃለች። ፍሬቻዋ ወደ ግራ ነው። የእኔን ረድፍ አቋርጣ ወደ ግራው ረድፍ ገብታ ወደ ኋላ መዞር ነበር የፈለገችው። ቆምኩላትና በእጄ «እለፊ» አልኳት። ፈገግ አለች። ለምስጋና እጇን አነሳችና ወጣች።

በግራ ረድፍ ሞተረኛ እየመጣ ነበር። እሷ አላየችውም፤ የእኔ መኪና ጋርዷታል። እሱም አላያትም፤ እሷንም ከእሱ የጋረደው የእኔው መኪና ነው። የግራ ጎኗን መታው። እጇ ገና ከመሪው በላይ ነበር። የሞተረኛው እግር ተሰበረ። የአደጋውን ፕላን (ንድፍ) የሚያነሳው ትራፊክ ሲመጣ «እሱ እለፊ ብሎኝ ነው» አለች ወደ እኔ እያሳየች። እውነቷን ነው። ጥፋቱ ግን የተጻፈው ከቅያስ በወጣችው በእሷ ላይ ነው።

የእኔ ረድፍ የእኔ ስለነበር መስጠት እችል ነበር። የሞተረኛውን ረድፍ ግን ሳላውቀው ሰጠሁባት። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ ሆኜ ለማንም «እለፍ» ብዬ እጄን አንስቼ አላውቅም። የማለማምዳቸውንም ሁሉ ይህን አስምዬ ነው የምጀምረው።

ከማስቀደማችሁ በፊት ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ይህ ሰው የት ድረስ ነው የሚሄደው? የእኔ ረድፍ ውስጥ ገብቶ ከፊቴ ሊሰለፍ ከሆነ አስገቡት። የእኔን ረድፍ አልፎ ሌላ ረድፍ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን የእናንተ መቆም ለእሱ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ቀሪውን ግማሽ ጋርዳችሁበታል። እንዲህ ከሆነ ማለፍ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በተጨናነቀ መንገድ በረድፎች መሐል የሚሾልኩ ሞተሮችና ባጃጆች አሉ። «ሁሉም ቆሟል» ብላችሁ አትመኑ። ቆመው የምታዩአቸው መኪኖች ናቸው።

ደረጃ 4፦ በእጅ ሳይሆን በመኪናው ንገሩት

ማስቀደም ስትወስኑ አደራረጉ እንዲህ ነው፦

1. ቀደም ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሱ።
2. ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ንኩ። የኋላው መብራቱን ያይና ይዘጋጃል።
3. ከፊታችሁ አንድ መኪና የሚገባበት ክፍተት ይፈጠር።
4. ዝም ብላችሁ ጠብቁ። እጅ አታወዛውዙ። መብራት ብልጭ አታድርጉ።

ክፍተቱ ራሱ ይናገራል። ሰውዬው አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ በራሱ ውሳኔ ይገባል።

ለምን መብራት አናበራም? በእኛ መንገድ የመብራት ብልጭታ አንድ ትርጉም የለውም። አንዱ «እለፍ» ለማለት ያበራል። ሌላው «መጣሁ፣ እንዳትገባብኝ» ለማለት ያበራል። ክፍለ ሀገር ላይ ደግሞ «ከፊትህ ከብት አለ» ወይም «ትራፊክ ቆሟል» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድን ብልጭታ በተቃራኒ ከተረጎሙት ሁለቱም እኩል ይገባሉ።

እጅም ያው ነው። ጥቁር መስታወት ካለ ወይም ፀሐይ ፊት ለፊት ከመታ እጃችሁ አይታይም። ከታየ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። «ሰውዬው ቆሞልኝ እንዴት አስጠብቀዋለሁ?» ይላል የተፈቀደለት ሹፌር። ከዚያ ሳያይ ይወጣል። እጃችሁ ሲነሳ እሱ ማየት ያቆማል። ያቺ ሴት የሆነችው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 5፦ ለእናንተ ሲቆሙላችሁ

አሁን በሌላ ወገን ሆናችሁ አስቡት። ከቅያስ ልትወጡ ስትጠብቁ አንድ ደግ ሰው ቆመላችሁ።

ሀ. በልባችሁ አመስግኑት። ገና አትውጡ።
ለ. ከእሱ ጎን ያለውን ረድፍ እዩ። ካልታያችሁ የመኪናውን አፍንጫ በትንሽ በትንሹ አውጡ፣ ቁሙ፣ እዩ፣ እንደገና አውጡ።
ሐ. እግራችሁ ከፍሬን ብዙ አይራቅ።
መ. ካልቻላችሁ በቦታችሁ ቆዩ። እሱ ይሰለቸውና ይሄዳል። ምንም ነውር የለውም።
ሠ. ከገባችሁ በኋላ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ሲጀምር፣ እጅ አንሱለት ወይም አጭር ክላክስ አድርጉ። ምስጋናው ይዘግይ እንጂ አይቅር።

ለምን? የፈቀደላችሁ ሰው ዋስ አይሆናችሁም። ግጭት ቢፈጠር ትራፊኩ የሚያየው ማን ቅድሚያ እንደነበረውና መኪኖቹ የት እንደቆሙ ነው። «እለፍ ብሎኝ ነው» ማለት አያድንም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የፈቀደው ሰው ትራፊክ እስኪመጣ አይቆይም።

ደረጃ 6፦ ዜብራ ላይ

ዜብራ ላይ እግረኛ ማሳለፍ ትህትና አይደለም፣ ግዴታ ነው። አቋቋሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዜብራውን ከሩቅ ስታዩ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ንካ ንካ አድርጉት። መብራቱ ከኋላችሁ ያለውን ያነቃዋል። ከመስመሩ ላይ ተጠግታችሁ ሳይሆን ጥቂት ሜትሮች ቀርቷችሁ ቁሙ። ያኔ በጎናችሁ ያለው ሹፌር እግረኛውን ያየዋል፤ እግረኛውም እሱን ያየዋል። ተጠግታችሁ ከቆማችሁ ግን መኪናችሁ ግድግዳ ይሆናል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

እዚህም እጅ አታወዛውዙ። «ሂጂ፣ ሂጂ» ብላችሁ እናትን ከልጇ ጋር አታጣድፉ። ጎንበስ ብላ እየሮጠች ስታልፍ ወደ ሁለተኛው ረድፍ አታይም። ቁሙ፣ ጠብቁ፣ በራሷ እርምጃ ትለፍ። ስፖኪዮ ላይ በጎን የሚመጣ መኪና ካያችሁ አጭር ክላክስ አድርጉ። ክላክስ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዜብራ ጋ የቆመ መኪና ካያችሁ፣ «ምን ያስቆመዋል» ብላችሁ በጎኑ አትለፉ። የሚያቋርጥ ሰው አለ ብላችሁ ውሰዱት። በተለይ ሚኒባስ ሲሆን ብዙ ሰው «ወራጅ ሊያወርድ ነው» ብሎ ያልፋል።

ዜብራ በሌለበት፣ ባለብዙ ረድፍ መንገድ መሐል ቆማችሁ እግረኛ አታሻግሩ። ደረጃ 3 ላይ ያልኩት ያው ነገር ነው፤ እዚህ ግን የሚመታው ብረት የለበሰ ሰው አይደለም። ቀድሞ መንገድ ላይ የገባ ሰው ካገኛችሁ ግን በማንኛውም ቦታ ፍጥነት ቀንሱ፣ ካስፈለገም ቁሙ።

ደረጃ 7፦ መጨናነቅ ሲኖር አንድ አስገቡ፣ እለፉ

ጠዋት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ሁለት ሰልፍ አንድ ሲሆን ታውቁታላችሁ። እዚያ ማስቀደም በጣም ይረዳል። ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተያያል። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ይግባ።

አንድ ብቻ አስገቡ። ሁለተኛውን የሚያስገባው ከኋላችሁ ያለው ነው። ሦስት፣ አራት መኪና ካስገባችሁ የሰጣችሁት የራሳችሁን ጊዜ ብቻ አይደለም። ከኋላ የተሰለፉትን ሁሉ ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ክላክሱ የሚበዛው፤ ክላክስ የሚያደርጉት ሰዎች ሁሌም ባለጌ አይደሉም።

ከፊርማታ የሚወጣ ትልቅ አውቶቡስ ሲሆን ሳታመነቱ አስገቡ። ውስጡ በደርዘን የሚቆጠር ሰው አለ። በዚያ ላይ አፍንጫው ወጥቶ ጭራው ከቀረ ሁለት ረድፍ ይዘጋል። ከሚኒባስ ታክሲ ኋላ ስትሆኑ ደግሞ ራቅ በሉ። «ወራጅ አለ» ከተባለ ይቆማል፤ ክፍተት መተዉ ለእሱም ለእናንተም ነው።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊታችሁ ቦታ ከሌለ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም አትግቡ። ይሄ ቁጥር አንድ ጨዋነት ነው። አንድ መኪና መሐል ከቀረ አራቱም አቅጣጫ ይዘጋል።

አደባባይ ላይ ግን ቸርነት ይቅርባችሁ

አደባባይ የሚተነፍሰው ውስጥ ያሉት ሲወጡ ነው። ውስጥ ያለው ቆሞ ከውጭ ያለውን ካስገባ፣ የገባው መኪና ለመውጣት የሚፈልገውን ይዘጋበታል። እሱ ከቆመ ከኋላው ያለውም ይቆማል። ሰልፉ ዞሮ መጥቶ ያስገባውን ሹፌር ራሱን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ትራፊክ መጥቶ አንድ በአንድ እስኪፈታው ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አደባባይ ውስጥ ከሆናችሁ ሂዱ። ፍሬቻ አሳዩና ውጡ። የእናንተ መውጣት ነው ለውጪዎቹ ቦታ የሚከፍትላቸው።

ደረጃ 8፦ ከከተማ ስትወጡ

ፍጥነቱ ሲጨምር ማስቀደም እየከበደ ይሄዳል። በአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ በአንድ አቅጣጫ 3 ረድፍ አለ። እዚያ ያለው ትህትና ረድፋችሁን መጠበቅ ነው። ቀድማችሁ ስትጨርሱ ወደ ቀኝ ተመለሱ፣ ግራውን ለቀዳሚ ልቀቁ። መቆም ግን አይታሰብም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል።

በጠባብ መንገድ ላይ ዝግ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነና ከኋላ ሰልፍ ከበዛ፣ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ወደ ቀኝ ወጥታችሁ አሳልፏቸው። የተሰላቸ ሹፌር ኩርባ ላይ ደርቦ ለመቅደም ይሞክራል። መንገድ ስትለቁለት ከዚያ ታድኑታላችሁ።

አንዳንድ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከኋላ ለተከተላቸው ቀኝ ፍሬቻ በማሳየት «መንገዱ ነጻ ነው፣ እለፍ» ይላሉ። በቅንነት ነው የሚያደርጉት። ያ ቀኝ ፍሬቻ ግን «ወደ ቀኝ ልወጣ ነው» ማለትም ሊሆን ይችላል። ደግሞም መንገዱን ያየው እሱ ባለበት ከፍታ ነው፤ የሚቀድመው መኪና ጉልበት ስንት እንደሆነ አያውቅም። እንደ ወሬ ስሙት እንጂ እንደ ፈቃድ አትውሰዱት። በራሳችሁ ዓይን ረጅም ባዶ መንገድ ካላያችሁ አትቅደሙ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፣ አባይ በረሃን ስትወርዱና ስትወጡ፣ መንገዱ በጠበበበት ቦታ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት መሐል ከቆመ መልሶ መነሳት ይከብደዋል፣ ወደ ኋላም ሊንሸራተት ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ በትንሽ መኪና እየወጣችሁ፣ ከላይ ከባድ መኪና እየወረደ ከሆነ፣ ቅድሚያው የእናንተ ቢሆንም ጥግ ይዛችሁ አሳልፉት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ ሊሆን ይችላል፤ ከጋለ ደግሞ መቆም ቢፈልግም አይቆምለትም።

ማታ ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ቀንሱ። ከሰው ኋላም ስትሄዱ እንዲሁ፤ በስፖኪዮው ዓይኑን ይወጋዋል። እሱ ባይቀንስላችሁ አትመልሱበት። ፍጥነት ቀንሱና የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ እያያችሁ ሂዱ።

ደረጃ 9፦ አምቡላንስ ስትሰሙ

1. ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በሦስቱም ስፖኪዮ እዩ።
2. ድንገት ፍሬን አትያዙ። ቀኝ ፍሬቻ አሳዩ።
3. ወደ ቀኝ ጠጉና ቁሙ። መንገዱ ተጨናንቆ ሁለት ረድፍ ከቆመ የግራው ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ ጠጋ ሲል መሐሉ ይከፈታል።
4. ካለፈ በኋላ ተከትላችሁ አትሩጡ። ሌላ ከኋላው ሊኖር ይችላል፤ ከጎን የሚመጣውም ሰው እናንተን አይጠብቅም።

ለሰርግ አጀብና ለቀብር አጀብም መንገድ መልቀቅ ያገራችን ወግ ነው፣ ልቀቁ። አጀቡ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ቀይ መብራት ለእናንተም ቀይ ነው። አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ማለቱ ቅድሚያ አይሰጣችሁም። የቀረ መኪና ቢኖር ፊተኛው ቀኝ ይዞ ይጠብቀው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ሁለት ሹፌሮች ቆመው መጠባበቅ። «አንተ እለፍ»፣ «አይ አንተ»። አንዴ ከተፈቀደላችሁና መንገዱ ነጻ ከሆነ ሂዱ። ቅድሚያው የእናንተ ከሆነማ ጭራሽ አትጠብቁ። ሁለቱም ሰልችቷቸው እኩል ሲነሱ ነው የሚጋጩት።
- በዝናብና በጉም አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት። እንጦጦ ላይም ጣርማ በር ላይም አያለሁ። ለሌላው አስቦ ነው፤ ነገር ግን ከኋላ ያለው የቆማችሁ ይመስለዋል፤ ስትታጠፉም ፍሬቻችሁ አይለይም። አጭሩን የፊት መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ።
- ጓደኛን በሩ ድረስ አደርሳለሁ ብሎ መንገድ መሐል ማውረድ። አምስት ሜትር አልፋችሁ ጥግ ያዙ።
- ክረምት ላይ ውሃ የተኛበትን ቦታ በፍጥነት ማለፍ። ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት ጭቃ ስትሞላ አይቻለሁ። ከኋላችሁ ያለውን አይታችሁ ቀስ በሉ። ይሄኛው ትህትና ማንንም አይጎዳም።
- ክላክስ ሲበዛ ደንግጦ መነሳት። ከኋላ የሚጮኸው ሰው ከፊታችሁ ያለውን እግረኛ አያየውም። እናንተ ናችሁ የምታዩት።

ግጭት ከተፈጠረ

ያስቀደማችሁት ሰው ቢጋጭ ትታችሁት አትሂዱ። አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ከኋላ ርቀት ላይ አስቀምጡ። የተጎዳ ሰው ካለ ሌላ አደጋ የሚያሰጋው ካልሆነ በቀር አታንቀሳቅሱት፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ለፖሊስ 991 ነው። ትራፊኩ ሲመጣ ያያችሁትን እንዳለ ንገሩት፣ የእናንተንም ድርሻ ጨምራችሁ።

ደረጃ 10፦ መለማመድ

እሑድ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት መንገዱ ቀለል ይላል። የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ አስቀምጡ። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር «ከኋላህ ምን አለ?» ወይም «ከኋላሽ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃችሁ። ዞራችሁ ሳታዩ፣ ቀድማችሁ በስፖኪዮ ባያችሁት መልሱ። «ነጭ ሚኒባስ፣ ራቅ ብሏል» ዓይነት መልስ በቂ ነው። አሥር ጊዜ ተጠይቃችሁ አሥሩንም ስትመልሱ ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ውጡ። ሁለት ረድፍ አንድ የሚሆንበት ቦታ ላይ አንድ መኪና አስገቡ፣ ከዚያ እለፉ።